ከነስህተታቸው አራት ኮከብ የሰጠኋቸው ኤሌክትሪሻኖች

ስም አልጠራም። ምስጋናም ወቀሳም አንድ ላይ ስላለበት ይቅር። ቤቴ አምባሳደር አካባቢ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ግድግዳው ሚስማር እንኳ የማያስገባ የድሮ ሕንፃ። የመብራት መስመሩም አብሮት አርጅቷል።

ነገሩ የጀመረው በምጣድ ነው። ሊጡን አዙሬ፣ ከድኜ፣ የእንጀራው ዐይን መውጣት ሲጀምር ጧ! ብሬከሩ ይወርዳል። ሮጬ አነሳዋለሁ። ሦስተኛው እንጀራ ላይ ደግሞ ጧ! ግማሹ ዐይን ያወጣ ግማሹ ሊጥ የሆነ እንጀራ ስንት ቀን እንደበላን እኔና ልጆቼ ነን የምናውቀው።

መጀመሪያ ጎረቤት የጠቆመችኝን ሰው ጠራሁ። አሥር ደቂቃም አልፈጀበት። 16 አምፔሩን ብሬከር ነቅሎ 32 አምፔር ተከለበትና «ከእንግዲህ አይወርድም» ብሎኝ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። እውነቱን ነው፣ አልወረደም። ሁለት ወር ሙሉ ስመርቀው ከረምኩ። ከዚያ በበዓል ዋዜማ፣ ምጣዱ ተጥዶ፣ ፍሪጁም ውሃ ማፍያውም እየሠራ፣ ወጥ ቤቱን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞላው። የግድግዳው ሶኬት እንደ ሻማ ቀልጦ የምጣዱን መሰኪያ ነክሶ ይዞታል። ግድግዳው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ጥላሸት።

አሁን የምጽፍላችሁ ከዚያ በኋላ ስለመጡት ነው። ስልካቸውን የሰጠኝ የሰፈራችን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነው። ሁለት ናቸው፤ አንድ ሽበታም ጋሼና አንድ ረዳት ልጅ። «ጠዋት ሦስት ሰዓት እንመጣለን» ብለው አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሱ። አንዷ ኮከብ የጎደለችው እዚያው በር ላይ ነው።

ሲገቡ ግን ዕቃ አልዘረገፉም። ጋሼ መጀመሪያ ጠየቁኝ፤ የቱ ሲበራ ነው የሚወርደው፣ ማን ነካው፣ መቼ። ዋናውን ብሬከር አወረዱና በፕላስተር ጠቅልለው «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ወረቀት ለጠፉበት። ከዚያ ቴስተራቸውን፣ ያቺን መብራት ያለው ሽቦ ሲነካ የምትበራ መሞከሪያ፣ ይዘው ወጥተው የሕንፃውን የጋራ ኮሪደር ሶኬት ነኩ፣ በራላቸው። ተመልሰው የእኔን ሽቦ ነኩ፣ አልበራም። እንደገና ወጥተው የኮሪደሩን ነኩ። እኔም ሳቅ ያዘኝ፣ ጋሼ ምን ነካቸው ብዬ።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ይሄን የተማርኩት ከመሰላል ላይ ወድቄ ነው» አሉኝ። ወጣት ሳሉ ሽቦውን በቴስተር ነክተው አልበራም፣ እንግዲያውስ መብራት የለውም ብለው በእጃቸው ያዙት። ለካ የሞተው የቴስተሩ አምፖል ኖሯል። ግራ እጃቸው አንጓው ላይ እስከ ዛሬ ትንሽ ጎበጥ ብሏል። ፕላስተሩም የራሱ ታሪክ አለው። እሳቸው ጣራ ላይ እያሉ አንድ ቅን ሰው «መብራት ጠፍቷል» ብሎ ብሬከሩን አንስቶላቸው ያውቃል። ቅን ሰው ነው እንግዲህ፣ ምን ይባላል።

ስለ 32ቱ ብሬከር ስጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። የእኔ ምጣድ 3500 ዋት ነው፤ ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ምጣዱ ለብቻው 16ቱን ጨርሶታል ማለት ነው፣ ፍሪጁና ውሃ ማፍያው ሲጨመሩማ ብሬከሩ ባይወርድ ነበር የሚገርመው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ 32 አምፔር አይችልም። «ብሬከሩ እየጮኸልሽ ነበር፣ ሰውየው አፉን ለጎመው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ለዚህ ከፍዬ መርቄዋለሁ።

ሲከፋፍቱት የወጣው ጉድ ግን ይብሳል። የቤተሰብ ፎቶ የሰቀልኩበት ጀርባ አንድ ጃንክሽን ቦክስ፣ ሽቦዎች የሚገናኙበት ሳጥን፣ ነበር፤ እዚያ ውስጥ የመዳብና የአሉሚኒየም ሽቦ እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው በፕላስተር ተጠቅልለዋል። ሁለቱ በቀጥታ ሲነካኩ እየዛጉ፣ እየላሉ፣ እየጋሉ ይሄዳሉ። ፕላስተሩን ሲልጡት ውስጡ እንደ ጥብስ ጠቁሯል። ፎቶውም በጀርባው ወይቧል፣ እኔ እርጥበት መስሎኝ ነበር።

ሌላው፣ የፍሪጁ ሶኬት። ሕንፃው ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ፣ የለውም። አንዱ ብልጥ የሶኬቱን የግራውንድ ጫፍ ከኒውትራሉ፣ ከመመለሻው ሽቦ፣ ጋር በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶታል። ላይ ላዩን ሲታይ ይሠራል። ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ላይ የተበጠሰ ቀን ግን የፍሪጁ ቆርቆሮ መብራት ይይዛል፣ በሩን የሚከፍተው ልጅ ደግሞ ባዶ እግሩን ነው። ጋሼ ያችን ቁራጭ ሽቦ ቆርጠው አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ከጣቴ አትበልጥም። እውነተኛ ግራውንድ ከምድር ቤት ጀምሮ ካልተዘረጋ በስተቀር እንደማይሆንም ሳይደብቁ ነገሩኝ። ጎረቤቶችን ሰብስቤ ላናግር ነው።

ቤቴ ውስጥ ባለው ኮሪደር ላይ ደግሞ ካጠፋሁት በኋላም ፍዝዝ ብሎ የሚያድር የኤልኢዲ አምፖል ነበረኝ። ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን፣ መብራት የሚያመጣውን ሽቦ፣ ትቶ ኒውትራሉን ነበር የሚቆርጠው። ጠፋ ብዬ አምፖል ስቀይር የአምፖል ቤቱ መብራት ነበረው ማለት ነው። ስንት ጊዜ ወንበር ላይ ቆሜ ቀይሬዋለሁ!

ሥራው አንድ ቀን ተኩል ወሰደ። ለምጣዱ ከቆጣሪው ሳጥን ለብቻው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሳቡለት፣ 25 አምፔር ብሬከርና የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠሙለት። ለወጥ ቤቱ ሶኬቶች 16ቱን መለሱ። የእጅ 4,500 ብር ከፈልኩ፣ ዕቃውን ራሴ ነው የገዛሁት። ግድግዳውን በመሮ ጠርበው ሲያበቁ የደፈኑበት ነገር ግን የልጅ ጭቃ ይመስላል፣ ቀለም ቀቢ ሌላ ወጪ ነው። አቧራውንም ያጸዳሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ስህተታቸው። በሄዱ በማግስቱ ማታ የቤቱ መብራት ሁሉ ይርገበገብ ጀመር። ደወልኩ። «የመብራት ኃይል ችግር ነው» የምትለዋን መልስ እየጠበቅሁ ነበር፣ ማንም የሚላት ናት። ጋሼ ግን «ዋናውን አውርጂው፣ አታንሺው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ» አሉ። በጨለማ አደርን፣ ተናድጃለሁ። አንድ ሰዓት ላይ ግን በሩ ላይ ነበሩ፤ ይሄኛውን ሰዓት አከበሩት።

ሳጥኑ ሲከፈት የኒውትራሉ ብሎን አልጠበቀም። ልጁ ነው የገጠመው፣ ምሳ ሲጠራ በመሃል ትቶት ሄዶ ሲመለስ ሌላ ጀመረ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ጋሼ «ገጣሚው እሱ ቢሆንም ሳላይ ሳጥኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አሉ፣ ለእኔ ነው ያሉት፣ ልጁ እየሰማ። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ብሎን በሙሉ አንድ በአንድ በካቻቢቴ እንዲያጠብቅ፣ እያንዳንዱን ሽቦ በእጁ ሳብ አድርጎ እንዲያረጋግጥና ያረጋገጠውን በማርከር ነጥብ እንዲያደርግበት አደረጉት። አሥራ አራት ቀይ ነጥብ ቆጠርኩ። ለመጡበትም አልተቀበሉኝም። እኔም አቧራውን ይቅር አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ለሁለት በዓል ጋግሬያለሁ፣ አንድም ጊዜ አልወረደም፣ የምጣዱን ማብሪያ ማጥፊያ በእጄ እየነካሁ አያለሁ፣ አይግልም። ልትጠሯቸው ካሰባችሁ ቀጠሮውን ለጠዋት አድርጉና ራሳችሁን ለከሰዓት አዘጋጁ። ደስ ያላላት እናቴ ብቻ ናት። ኮሪደሩ ላይ ፍዝዝ የሚለው አምፖል አሁን ሲጠፋ ድርግም ስለሚል፣ «ሌሊት ሽንት ቤት ስሄድ እሱ ነበር የሚያሳየኝ፣ ምን አድርጎሽ አስቆረጥሽው?» ትለኛለች።