ሪጋ ከሄዳችሁ ቁርስ ሳትበሉ ገበያ ውጡ

የላትቪያ ዋና ከተማ ሪጋ ሦስት ቀን ቆይቼ ከተመለስኩ ሳምንት አለፈኝ። አሮጌው ከተማ ያምራል፣ ፎቶ ያስነሳል። እኔ ግን ሦስቱንም ጠዋት ያሳለፍኩት ገበያ ውስጥ ነው።

ሴንትራልቲርጉስ ይሉታል፣ ማዕከላዊ ገበያ ማለታቸው ነው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከዳውጋቫ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ታገኙታላችሁ። ከሩቅ ስታዩት የአውሮፕላን ማቆሚያ ይመስላል። ብዙም አልተሳሳታችሁም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ዜፕሊን የሚባሉትን ግዙፍ የአየር መርከቦች የሚያቆሙባቸው ሃንጋሮች እዚያ አገር ነበሯቸው፣ ላትቪያዎች ከጦርነቱ በኋላ የብረት አካሉን ፈትተው አምጥተው አምስት አዳራሽ ሠሩበት። እ.ኤ.አ. በ1930 ተከፈተ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይሸጥበታል።

ሥጋው፣ ወተቱ፣ አትክልቱ፣ ዓሣው ለየብቻ ነው። የእኔ ምርጫ ያለ ክርክር የዓሣው አዳራሽ። ገና ከበሩ ጭስ ጭስ ይሸታል፤ በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ ሽታ የሚያውቅ ሰው አፍንጫው ቶሎ ይለምደዋል። በጭስ የታጠነው ዓሣ ወርቅ መስሎ ተደርድሯል። አንዱን አስመዘንኩና ከጥቁር ዳቦ ጋር እዚያው ቆሜ፣ እጄ ዘይት በዘይት ሆኖ ጨረስኩት። ኔጊ የሚሉት እባብ መሳይ ፍጥረትም አለ፣ ጠብሰው እንደ ጄሊ በረጋ መረቅ ውስጥ ይሸጡታል። ቀመስኩት። አንዴ ይበቃኛል።

ጥቁሩ ዳቦ ሩፕማይዜ ይባላል፣ ራይ ከሚባለው እህል በእርሾ ተቦክቶ ነው የሚጋገረው። ይከብዳል፣ ይኮመጥጣል። እንጀራ ያሳደገው ምላስ አይጣላውም። ክቫስ የሚባለው መጠጥም ከራይ ዳቦ ይጠመቃል፤ ስኳር የገባበት ቅራሪ አስቡ። የወተቱ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ቁርጥ የእኛን አይብ የሚመስል አለ፣ በርበሬ ይዤ ባለመሄዴ ተቆጨሁ።

ሻጮቹ አይስቁም። መጀመሪያ የተቆጡኝ መስሎኝ ነበር፣ ግን አንዷ እናት የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ትክ ብዬ ሳይ አይተውኝ ምንም ሳይናገሩ በሹካ አቀበሉኝ። ገዛሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ!

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ አሳማ የማትበሉ ጠይቁ። ግራጫ አተር የሚሉት የገና ምግባቸው ንፍሮ ይመስላል፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ታዛላችሁ፣ ከዚያ ላዩ ላይ የተጠበሰ የአሳማ ስብና ሽንኩርት ተከምሮበት ይመጣል። እኔ ያለ ስቡ አሠርቼ በላሁ፣ ፊታቸው ላይ ግን «ታዲያ ምኑን በላኸው» የሚል አነበብኩ።

አሮጌው ከተማ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ያላዘዝኩትን ዳቦ አቅርቦ አስከፈለኝ። በዚያ ዋጋ ገበያው ውስጥ ሁለት ሰው ይጠግባል። ባልዛም የሚባለውን ጥቁር መጠጣቸውንም እዚያው ሞከርኩ፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ይገባዋል።

ለትንንሽ ዕቃ ዝርዝር ዩሮ ያዙ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጠረጴዛ ባዶ ነው።

ስመለስ የሻንጣዬ ግማሽ ዳቦ ነበር። ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ፣ አልሻገተም።