አንድ ሳምንት በእንጦጦና በሱሉልታ፣ እሑድ በመስቀል አደባባይ፦ ለሩጫ ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው የአገልግሎት ግምገማ

በኅዳር የሚካሄደውን የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን፣ አስቦ ከውጭ የሚመጣ ሰው በእጁ ያለው ብዙውን ጊዜ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ቅዳሜ ቦሌ ያርፋል፣ በሚቀጥለው እሑድ ይሮጣል፣ ከዚያ ሥራ ይጠራዋል። ይህ ጽሑፍ በዚያ ሳምንት ገንዘብ የሚወጣባቸውን ነገሮች ይገመግማል፦ ማረፊያ፣ መኪና፣ አሯሯጭ፣ ማሳጅ፣ ምግብና ምዝገባ። ዋጋ በብር አልጻፍኩም፤ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ከወር በኋላ ሰው ያሳስታል። ከሁሉም ግን የተከፈለበትን ያህል፣ ከዚያም በላይ የሰጠው አብሮ የሚሮጥ ሰው ነው። ብዙው ቃል ወደ እሱ ይሄዳል።

መጀመሪያ ማረፊያ፣ ምክንያቱም ሳምንቱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አትሌቶች የሚለማመዱት ሱሉልታ ነው ተብሎ በቀጥታ ከአየር ማረፊያ ወደዚያ መውጣት ስህተት ነው። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሀል አዲስ አበባ 2,350 አካባቢ ነው። መስቀል አደባባይ ላይ አንድ ትንፋሽ ይዞ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል፤ የእንጦጦ ጫፍ 3,000 ሲያልፍ ወደ ሲሶ ይጠጋል። ሰውነት ለዚህ ቀይ የደም ሕዋስ የሚጨምረው በሳምንታት እንጂ በቀናት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የሚታየው ተቃራኒው ነው፦ የልብ ምት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ሽንት ይበዛል፣ ከደም ውስጥ ፈሳሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች ከተማ ማደር፣ ከፍታውን በቀን ወጥቶ መመለስ ይሻላል። ስታዲየም ወይም ቦሌ አካባቢ የሚይዝ ሰው ደግሞ እሑድ ጠዋት መንገድ ሲዘጋ በእግሩ መነሻው ይደርሳል።

ክፍል ከመያዝ በፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎች አልጋው ይመቻል ወይ ከሚለው ይለያሉ። ቦይለሩ የየክፍሉ ነው ወይስ የጋራ? ካረፍንባቸው የእንግዳ ማረፊያዎች አንዱ፣ ስሙ ይቅር፣ ሙቅ ውሃ የሚለቀው ጠዋት ለሁለት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ከጫካ ሲመለሱ ሁሌም ተዘግቶ ይቆያል። በላብ የራሰ ሰው በኅዳር ብርድ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠቡ ሥቃይ ነው። ጀነሬተር አለ ወይ? ቁርስ ከስንት ሰዓት ይጀምራል? ልብስ ታጥቦ በማግሥቱ ይደርሳል ወይ? ለመጨረሻው መልሱ ሁሌም "ይደርሳል" ነው፤ ሦስት ቅያሪ ይዞ መምጣት ግን ከመጨነቅ ያድናል።

መኪናን በተመለከተ በስልክ መተግበሪያ የሚጠሩት ታክሲዎች፣ ራይድም ፈረስም፣ ከተማ ውስጥ በደንብ ይሠራሉ፤ የአገር ውስጥ ሲም ካርድ ግን ያስፈልጋል። ችግሩ የሚመጣው ገና ሳይነጋ ለሚወጣ ሰው ነው። ለጫካ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት ካስፈለገ ሾፌሩን በዋዜማው መቅጠርና "ሌሊት" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ መናገር ነው። የውጭ ስልክ 5:30 ብሎ የሚያሳየውን ሰዓት እንዳለ ለሾፌሩ የላከ ሰው፣ መኪናው ከረፋዱ አምስት ተኩል ላይ በሩ ሲቆም ያገኘዋል። ሾፌሩ አልተሳሳተም፤ በአገሩ ሰዓት ነው የመጣው። ሒሳቡንም ደርሶ መልስ ከነመጠበቂያው መስማማት ያስፈልጋል፤ እንጦጦ አድርሶ የሄደ መኪና ሲመለሱ አይገኝም። መቆጠብ ለሚፈልግ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ሚኒባስ አለ።

አሁን ወደ አሯሯጩ። ገና ስሙ ያልወጣ፣ ክለብ ውስጥ ያለ ወይም ክለብ የሚፈልግ ወጣት ሯጭ ለአንድ ጠዋት ሲቀጠር የሚሸጠው ጊዜውን ብቻ አይደለም፤ ጫካውን ማወቁን ነው። እንጦጦ ላይ የሚታወቅ መንገድ ይዞ መሮጥ የለም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የተነጠፈ መንገድ፣ መጸዳጃ ቤትና ካፌ አለው፣ ለእግር ጉዞም ያምራል፤ የሯጭ ጫካ ግን ከንጣፉ ውጭ በባህር ዛፉ መሀል ነው። እዚያ መሪው ዳገቱን ፊት ለፊት አይወጣውም። በሰያፍ ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ ዛፍ ይዞራል፣ እንደገና ይታጠፋል፤ ኋላ ያለው ዳገት መውጣቱን የሚያውቀው ዞር ብሎ ከተማዋን ከበታቹ ሲያይ ነው። ሥራው የፊተኛውን ተረከዝ ማየት ነው፣ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ። ከዚያ ቢጠጉ መሬቱ አይታይም፣ ከዚያ ቢርቁ ደግሞ መሪው ያሳየው ነገር ሳይደርስ ይረሳል። መሪው የተቆረጠ ጉቶ ሲያይ እጁን ዝቅ አድርጎ በጣቱ ይጠቁማል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የወደቀው የባህር ዛፍ ቅጠል ጉቶውንም ጉድጓዱንም እኩል ይሸፍናል፣ ሲደርቅም ከሥር ያንሸራትታል። የእንጦጦ ጉዳት ብዙውን ጊዜ ቁርጭምጭሚት ነው፤ የሚደርሰውም ሲደክሙ፣ በመጨረሻው አሥር ደቂቃ። የጫማው ሶል ጥርስ ያለው፣ ተረከዙም ብዙ ያልወፈረ ቢሆን ይመረጣል።

ሰዓት ላይ ያለውን ፍጥነት መርሳት ይሻላል። በዛፍ ሥር ሲጠማዘዙ የሳተላይቱ ልኬት ማዕዘኑን ይቆርጣል፤ የሮጡትንም ያሳንሳል። ጫካ በደቂቃ እንጂ በኪሎ ሜትር አይቆጠርም፤ አትሌቶቹም "ሰዓት ከአሥር ሮጥን" ይላሉ እንጂ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር አይሉም። ልኩ ትንፋሽ ነው። አምስት ስድስት ቃል ሳይቆርጡ መናገር ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ያ ቀን አለቀ፤ መውረድ ነው።

ክፍያውን ግን ከመሮጥ በፊት ይጨርሱ። ስንት ልክፈል ሲባል የሚመጣው መልስ "እንደፈቀድክ" ወይም "ግድ የለም" ነው፤ ይህ ጨዋነት እንጂ ዋጋ አይደለም። ደግሞ መጠየቅ፣ ካልሆነም ራስን ችሎ ቁጥር መጥራት ይገባል። መነሻ ለሚፈልግ የእኔ ግምት ይህ ነው፦ ያን ጠዋት ለመኪናው ከተከፈለው ማነስ የለበትም፤ ትራንስፖርቱና ከሩጫ በኋላ ያለው ቁርስ ደግሞ ለብቻው በእንግዳው ነው። በቴሌብር ወይም በእጅ፣ በዚያው ዕለት። ሁለተኛው ነገር ቀኑን እሱ ይምረጥ። ከባድ ልምምዱ ባለበት ቀን መጥራት ኑሮው ላይ መምጣት ነው። የእሱ ቀላል ቀን ለእንግዳው ከባድ ቀን ስለሆነ ሁለቱም ይስማማሉ።

እዚያው ጫካ ውስጥ የሚያጋጥሙ ሌሎች ሰዎች አሉ። እናቶች ከወገባቸው የሚረዝም የባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ አንገታቸውን አቀርቅረው ወደ ሽሮ ሜዳ ይወርዳሉ። ሸክሙ ከመንገዱ ይሰፋል፤ ገመዱ ደረት ላይ ስለታሰረ ድንገት መቆም አይችሉም። ሯጩ ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ቆሞ "እናቴ፣ ይለፉ" ይበል። በጠባቡ ላይ ተሽቀዳድሞ ማለፍ ነውር ነው። ደግሞም ጅብ ያለበት ጫካ ነውና ሳይነጋ መግባት የለም፤ ሰማዩ ሲገለጥ፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ መጀመር ይበቃል።

ሱሉልታ ሌላ ነው፦ ሜዳ፣ ሣር፣ ነፋስ። አፈሩ ዋልካ በመሆኑ በክረምት እግር ይይዛል፤ በኅዳር ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም በሣር ተሸፍኖ ጣት ይይዛል። ማለዳ ውርጭ ሊኖር ስለሚችል ጓንትና ኮፍያ ያስፈልጋል። አዝመራ የሚታጨድበት ወር ስለሆነ በሰብል ዳር መቁረጥ አይገባም። ለእረኛ ውሻ አለመሮጥ፣ ቆም ብሎ ድንጋይ እንደሚያነሱ ጎንበስ ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የሳምንቱ ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። እሑድ መራመድ ብቻ። ሰኞ ጃንሜዳ ላይ 30 ደቂቃ ሶምሶማ። ማክሰኞ እንጦጦ 60 ደቂቃ፣ በመኪና ወጥቶ በመኪና መውረድ፤ እስከ ሽሮ ሜዳ በሩጫ መውረድ የሚያስደስት ቢሆንም የጭኑን ጡንቻ ይሰባብራል፣ ሕመሙም በሁለተኛው ቀን ነው የሚብሰው። ረቡዕ ዕረፍትና ማሳጅ። ማሳጁ ከዚህ ቀን አይለፍ፤ በዋዜማው ጠንከር ተደርጎ የታሸ እግር እሑድ ይከብዳል። ሳውናና ስቲሙም እንዲሁ፣ ፈሳሽ ስለሚወስድ። ሐሙስ ሱሉልታ 45 ደቂቃና አራት ጊዜ መቶ ሜትር ፈጠን ማለት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ 20 ደቂቃ ማፍታታት ብቻ። ኅዳር 12 በዚህ ሳምንት ከዋለ ያን ዕለትና ዋዜማውን ከተማ ውስጥ አለመሮጥ ነው። በ1911 ዓ.ም. ከነበረው የኅዳር በሽታ ጀምሮ ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ በየደጁ ይቃጠላል፤ ጭሱ ዝቅ ብሎ ይተኛል።

ስለ ምግብ አጭር ነው። ክትፎውና ጥሬ ሥጋው ከእሑድ በኋላ ይደርሳል፤ ጥሬ ሰላጣም እንዲሁ። ለሩጫው ጠዋት ከበሶ የተሻለ የለም፦ ሦስት ማንኪያ በሶ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ፣ ከመነሻው ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ። መጠኑን ማክሰኞ ሞክሮ ማየት ነው፤ ሆድ ያልለመደው በሶ ይነፋል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ጿሚ ሰው ሽሮና ፍርፍር በየቤቱ ያገኛል።

ሩጫው በኃይሌ ገብረ ሥላሴ መሥራችነት በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሰው ተጀምሮ፣ ኃይሌ ራሱ አሸንፎበት፣ ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚወጣበት የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ካናቴራው የመግቢያ ፈቃድም ስለሆነ በአደራ ለሌላ ሰው አይተውም፤ በመጨረሻው ቀን ልኩ ያልቃልና ቀድሞ ሄዶ መለካት ይሻላል። ሰዓት የሚፈልግ በአረንጓዴው መነሻ፣ ለጭፈራውና ለሕዝቡ የመጣ በቀዩ ይሰለፍ። በቀዩ ውስጥ ሰዓት ማሰብ ከንቱ ነው፦ ሰው ይቆማል፣ ይዘፍናል፣ ውሃ ይረጫል። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከመሀል ይልቅ ዳር መያዝ ይሻላል፣ የውሃ መውረጃ ቦይና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ እያዩ። በባሕር ጠረፍ 10 ኪሎ ሜትር በ50 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው እዚህ መንገዱ ክፍት ቢሆን እንኳ 56 ወይም 58 ቢገባ ጥሩ ሮጧል።

ለበጎ አድራጎት የሚሮጥ ሰው የመመዝገቢያውን ክፍያና ልገሳውን አያምታታ። ለየትኛው ድርጅት፣ ለየትኛው ሥራ እንደሚውል ቀድሞ ጠይቆ ደረሰኝ መያዝ ይገባል፤ ውጭ ያሉ ወዳጆች ያዋጡት ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ደረሰኙ የእነሱ ነው። ብዙዎች ያገለገለ ጫማም ይዘው ይመጣሉ። ይህ ለወጣት ሯጮች እውነተኛ እርዳታ ነው፤ ነገር ግን ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው የሚቆየው፣ ስለዚህ 300 ያልሞላውን ብቻ ማምጣት፣ ሶሉ ተጨርሶ የተበላውን መተው ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥንዱ በማሰሪያው ተሳስሮ፣ የአውሮፓው ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ውስጡ ይግባ። የሚሰጠውም መንገድ ላይ ለመጣ ሳይሆን ለአሠልጣኝ ነው፤ ማን ስንት ቁጥር እንደሚያደርግ፣ የማን ጫማ እንደተቀደደ የሚያውቀው እሱ ነው።