የደብረ ማርቆስ ሱቅ፣ የአዲስ አበባ ቻናል ወይስ የውጭ ገበያ፦ የሰዓታት ቅናሽን ከየት እንግዛ?

ደመወዝ በሚገባበት ሰሞን ወዳጆቼ የሚልኩልኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። አንዱ የዕቃ ፎቶ ልኮ «ቅናሹ ሊያበቃ ጥቂት ሰዓት ብቻ ቀርቶታል፣ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?» ይላል፤ ሌላዋ ያንኑ ዕቃ ከሌላ የቴሌግራም ቻናል በአምስት መቶ ብር ቀንሶ እንዳገኘችው ጽፋ የትኛው እንደሚሻላት ትጠይቃለች። ለእያንዳንዱ ለብቻው መመለስ ስለሰለቸኝ፣ ጎጃም ለምንኖር ሰዎች ክፍት የሆኑትን ሦስት መንገዶች እዚህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ። አንደኛው ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሱቅ ያለው ነጋዴ በራሱ ቻናል የሚያወጣው ቅናሽ ነው፤ ሁለተኛው ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሎ ዕቃውን በአውቶቡስ የሚልክ የአዲስ አበባ ቻናል ነው፤ ሦስተኛው እንደ አሊኤክስፕረስ ካሉ የውጭ ገበያዎች በትዕዛዝ ተቀባይ (ገንዘባችንን ተቀብሎ ከውጭ ገዝቶ በሚያስመጣልን ሰው) በኩል የሚገዛው ነው። እኔ ለመጀመሪያው እንደማደላ አልደብቅም፤ የማደላውም ለአገሬ ነጋዴ ተቆርቁሬ ሳይሆን ሒሳቡን ሠርቼ ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ፓወር ባንክ ስለሆነ (መብራት እንደልቡ በሚጠፋበት አካባቢ ይህ የሚያስገርም አይደለም)፣ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት (የባትሪው የመያዝ አቅም) የተጻፈበትን አንድ ፓወር ባንክ እንውሰድ። ቁጥሮቹን የማስቀምጣቸው ለማስያ ብቻ ነው፤ ገበያው ሲለወጥ አንባቢው የራሱን ይተካባቸው። የደብረ ማርቆሱ ሱቅ 2,800 ብር ይሸጠው የነበረውን ለአንድ ቀን 2,500 አደረገው እንበል። የአዲስ አበባው ቻናል ደግሞ 3,500 የሚለውን ሰርዞ 1,900 ጽፏል። በዓይን ሲታይ የስድስት መቶ ብር ልዩነት አለ። ነገር ግን ለአውቶቡስ ጭነት 150፣ ከመናኸሪያ ለማምጣት ለባጃጅ 50 ሲጨመር 1,900 የነበረው 2,100 ይሆናል፤ ልዩነቱም ወደ አራት መቶ ይወርዳል። ሱቁ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነና ደረሰኝ ከቆረጠ፣ ከ2,500 ብሩ ውስጥ 326 ብር ገደማ የሚሆነው 15 በመቶው ታክስ ነው። ስለዚህ ቻናሉ «ረከሰ» ከተባለበት አራት መቶ ብር አብዛኛው ደረሰኝ ባለመቁረጡ የመጣ ነው፤ ያ ደረሰኝ ደግሞ ዕቃው ሲበላሽ ገዢው እጁ ላይ የሚቀረው ዋና ማስረጃ ነው።

አሁን ብልሽትን እንጨምርበት። ከአዲስ አበባው ቻናል ከሚመጡ አምስት ዕቃዎች አንዱ ብቻ የማይሠራ ሆኖ ሻጩ አልመልስም ቢል፣ ገዢዎቹ በአምስቱ ላይ 10,500 ብር አውጥተው አራት የሚሠሩ ያገኛሉ ማለት ነው። ይህ እያንዳንዱን የሚሠራ ዕቃ 2,625 ብር ያደርሰዋል፤ ማለትም ተመልሶ ከሚቀየርበት ሱቅ ዋጋ 125 ብር ይበልጣል። ከአምስት አንድ የሚለው ግምት የበዛ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በከተማው ከሚገኙት ስልክ ጠጋኞች አንዱ ዘንድ ግማሽ ቀን ተቀምጦ የሚመጣውን ቢያይ ጥሩ ነው።

የውጭውን በአጭሩ ልጨርሰው። በመተግበሪያው ላይ ከ20 ዶላር ወደ 14 ዶላር የወረደ ዕቃ ሲታይ ያጓጓል። ሆኖም በብር የሚሠራው ካርዳችን እዚያ ስለማይከፍል በትዕዛዝ ተቀባይ መሄድ ግድ ይሆናል፤ እርሱ ደግሞ ዶላሩን ባንክ በለጠፈው ተመን አያስበውም። በ180 ብር አስቦት 10 በመቶ ኮሚሽን ቢይዝና ለኪሎ 1,500 ብር ቢያስከፍል፣ 350 ግራም የሚመዝነው ፓወር ባንክ 2,520 እና 252 እና 525 ተደምሮ 3,297 ብር ይመጣል። የስድስት ዶላሩ ቅናሽ ገዢው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ አልቋል። ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ፣ ዛሬ የተስማሙበት ተመን ዕቃው በሚደርስበት ቀን የሚለወጥባቸው ትዕዛዝ ተቀባዮችም አሉ። በዚያ ላይ ፓወር ባንክ በአውሮፕላን ሲጓዝ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ትዕዛዝ ተቀባዮች ራሳቸው ይሸሹታል ወይም ተጨማሪ ያስከፍሉበታል።

ወደ ተሰረዘው ዋጋ ልመለስ፤ የሰዓታት ቅናሽ ትልቁ ማታለያ ያለው እዚያ ነውና። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከግንቦት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ቅናሽ የሚያውጅ ነጋዴ ለማነጻጸሪያ የሚጠቅሰው ዋጋ በመሠረቱ ባለፉት 30 ቀናት ካስከፈለው ሁሉ ዝቅተኛው እንዲሆን ይገደዳል። እኛ ይህን ራሳችን መሥራት አለብን፤ ሥራውም ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ቻናሉ ውስጥ ገብቶ የዕቃውን ስም በመፈለጊያው መጻፍና ያለፉትን ወራት ልጥፎች አንድ በአንድ ማየት ይበቃል። «ከ3,500 ወደ 1,900» የተባለው ዕቃ ባለፈው ወር ያለምንም ቅናሽ 1,950 ተብሎ ተለጥፎ ሊገኝ ይችላል። ልጥፉ በኋላ የታረመ ከሆነ ከሰዓቱ አጠገብ መታረሙን የሚያሳይ ምልክት ይወጣል፤ የድሮ ልጥፎቹን ሁሉ የሚያጠፋ ቻናል ከሆነ ደግሞ ማጥፋቱ ራሱ መልስ ነው። የወደድነውን ማስታወቂያ በቴሌግራም ወደ ራሳችን የተቀመጡ መልእክቶች (Saved Messages) ማሻገርም (ፎርዋርድ ማድረግም) ይጠቅማል፤ ሻጩ ዋናውን ቢያጠፋው ወይም ቢለውጠው የእኛ ቅጂ እንደነበረ ይቀራል። ማሻገር የከለከለ ቻናል ከሆነ ስክሪንሾት ያንኑ ይሠራል።

የሚቆጥረው ሰዓትና «ሦስት ፍሬ ብቻ ቀርቷል» የሚለው ጽሑፍ ገዢውን ለማጣደፍ የተቀመጡ ናቸው። ዛሬ ማታ ያለቀው ቅናሽ ነገ ጠዋት በሌላ ቀለም ይመለሳል፤ ስለዚህ አንድ ዙር አሳልፎ መመልከት ብዙውን ጊዜ ምንም አያስቀርም። ለእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ ያሳለፈ የጎጃም ሰው፣ ኔትወርኩ ብቅ ባለበት ቅጽበት ተቻኩሎ የመክፈል ልማድ ይዞት ቀርቷል። የአዲስ አበባ ሻጮችም ይህን ያውቁታል። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን የተከፈለበት ዕቃ ደግሞ ዓባይ በረሃን ሳይሻገር ይከርማል፤ የሻጩ ዋስትና ግን የሚቆጠረው ዕቃው ከተላከበት ቀን ጀምሮ ነው። ሳምንት ዋስትና ተሰጥቶት በሁለተኛው ሳምንት የደረሰ ዕቃ ዋስትና የሌለው ዕቃ ነው።

ስለ ኮፒ ዕቃ ብዙ የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም አንድ ጠጋኝ ወዳጄ ዘንድ ስቀመጥ የማየው አብዛኛው ነገር ይኸው ነው። «50,000» የተጻፈበት ፓወር ባንክ ተከፍቶ ሲታይ አንድ ወይም ሁለት ባትሪና ክብደት እንዲጨምር የተሞላ አሸዋ ይወጣዋል። ይህን ሳይከፍቱ ማወቅ ይቻላል። ብዙ ፓወር ባንኮች ውስጥ የሚገባው 18650 የሚባለው ክብ ባትሪ እጅግ ጥሩው 3,500 ገደማ ይይዛል፤ አንዱ 46 ግራም ያህል ይመዝናል። እውነተኛ 20,000 ለመሙላት ቢያንስ ስድስት ያስፈልጋል፤ ባትሪዎቹ ብቻ 270 ግራም ይሻገራሉ። 50,000 የሚባለው ደግሞ አሥራ አምስት ይፈልጋል፤ ያለ ሽፋኑ ከ650 ግራም በላይ ነው። እንግዲህ ሱቁ አጠገባችን ከሆነ በጎረቤት በርበሬ ሻጭ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይቻላል (አሸዋ ከተሞላ ሚዛኑም ይታለላል፤ ቀልሎ የተገኘው ግን ውሸታም ለመሆኑ ጥርጥር የለውም)። ከአዲስ አበባ በፎቶ የሚሸጥን ዕቃ ግን ማንም አይመዝነውም። እዚህ ላይ ሐቀኛውን ዕቃ እንዳንወነጅል አንድ ነገር ልጨምር፦ 20,000 የተባለው የሚለካው በባትሪው 3.7 ቮልት ስለሆነ፣ በ5 ቮልት ወደ ስልክ ሲወጣ 14,800 ይሆናል፤ በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ ከ12,000 እስከ 13,000 ቢሰጥ ዕቃው ደህና ነው።

ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ ላይ ያለው ማጭበርበር የባሰ ነው፤ ስልክ ላይ ሲገባ 512 ጊጋባይት ብሎ ይታያል፣ ውስጡ ግን 16 ወይም 32 ብቻ ነው። የሠርግ ቪዲዮ የጫነበት ሰው የሚያውቀው መልሶ ሊከፍተው ሲል ነው። ፈተናው ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል፦ እስኪሞላ ድረስ ፋይል መጫን፣ ከዚያ የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ከፍቶ ማየት። ይህን በሱቁ ዋስትና ውስጥ ለመሥራት የሚመለስበት ሱቅ መኖር አለበት።

ስልክን በተመለከተ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው የስክሪኑን ዋጋ ነው። በሰዓታት ቅናሽ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ስማቸው ያልተለመደ ስልኮች ናቸው፤ አንድ ቀን ሲወድቁ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስክሪናቸው አይገኝም፣ ጠጋኙም ከመርካቶ ያስመጣል፣ የመጣው ደግሞ የሌላ ሞዴል ሆኖ ይመለሳል። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የአንድ ኩባንያ ምርቶች ሆነው ካርልኬር የሚባል የጋራ የጥገና አገልግሎት አላቸው፤ የሳምሰንግ መለዋወጫም በየጠጋኙ መሳቢያ አይጠፋም። ስለዚህ በ1,000 ብር የረከሰ እንግዳ ስልክ፣ አንድ ስክሪን እስኪሰበር ድረስ ብቻ ነው ርካሽ የሚሆነው። ዕቃውን ሲረከቡ *#06# ደውሎ የሚወጣውን አይ.ኤም.ኢ.አይ (የእያንዳንዱ ስልክ መለያ) ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ካልተመሳሰለ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው።

የጁስ መፍጫ፣ የፀጉር ማድረቂያና የመሳሰሉትን ከውጭ ለማዘዝ የሚያስብ ደግሞ ቮልቱን ያንብብ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ ለ110 የተሠራ ዕቃ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል፣ ሞተር ማስጠቅለያው ደግሞ ዕቃው ከተገዛበት ቅናሽ ሊበልጥ ይችላል።

አከፋፈሉን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ሥራችንን አቅልሎልናል፤ ነገር ግን ለግለሰብ ስልክ ቁጥር የተላከ ገንዘብ ሻጩ ራሱ ካልመለሰው በቀር ለማስመለስ በጣም አዳጋች ነው። ሻጩ የነጋዴ መለያ ቁጥር ካለው በዚያ መክፈል ይሻላል፤ ለግለሰብ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ከማረጋገጫው በፊት የሚታየው ስም ከሱቁ ባለቤት ስም ጋር መግጠሙን ማየት ያስፈልጋል። ቢሆንም ከሁሉ የሚሻለው «ቀብድ ልኬ ያዝልኝ፣ ቀሪውን አይቼ እከፍላለሁ» ማለት ነው፤ ይህን የሚቀበሉኝ ደግሞ የአካባቢው ሱቆች ናቸው። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ ወይም ከሞጣ የሚገዛ ሰው ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ያለ ዘመዱን ልኮ ዕቃውን አስከፍቶ ማየት ይችላል። ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለሚደነግግ፣ ደረሰኝ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም።

የውጭው መንገድ የሚያሸንፍበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም። የቆየ ላፕቶፕ ኪቦርድ፣ የካሜራ ትንንሽ መለዋወጫ ወይም በአገር ውስጥ ማንም የማያመጣው ቀላልና የማይሰበር ነገር ከሆነ እኔም የማዘው ከዚያ ነው፤ ክብደቱ ጥቂት ግራም ስለሆነ ጭነቱ ዋጋውን አይበላውም። ትልቁ ቅናሻቸው አሊባባ እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው የኖቬምበር 11ዱ ሽያጭ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 2 ላይ ይውላል። አሊኤክስፕረስ ቀኑን የሚቆጥረው በአሜሪካ የፓስፊክ ሰዓት ስለሆነ፣ እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን እኛ ጋ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው፤ ሌሊት ተነሥቶ መጠበቅ አያስፈልግም። ዕቃውን በጥቅምት መጀመሪያ ቅርጫት ውስጥ አስገብቶ ዋጋውን መጻፍ ይገባል፤ ከሽያጩ በፊት ባሉት ሳምንታት ከፍ አድርገው በዕለቱ ወደ ቦታው የሚመልሱ ሻጮች እዚያም ሞልተዋልና። ትዕዛዝ ተቀባዩን ደግሞ ተመኑን፣ ኮሚሽኑንና የኪሎውን ሒሳብ ደምሮ ደብረ ማርቆስ ድረስ የሚያስወጣውን በብር አንድ ቁጥር አድርጎ እንዲጽፍልን መጠየቅ ይገባል፤ አልጽፍም ካለ ሌላ ትዕዛዝ ተቀባይ መፈለግ ነው።