የፐርፌክሽን አሰልጣኝ ገንዘቡ ይገባዋል ወይ?

መንጃ ፈቃድ ከተያዘ በኋላ የሚወሰደውን የከተማ ልምምድ፣ ፐርፌክሽን የሚባለውን፣ ለታናሽ እህቴ ከፈልኩላት። ከከፈልኩ አይቀር ብዬ እኔም ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የአሰልጣኙን ስም አልጽፍም፤ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ። ድሮ ታክሲ ይነዱ የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ጠና ያለ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። በአጭሩ ገንዘቡ ይገባቸዋል። ቅሬታም አለኝ፣ እሱን ወደ በኋላ።

እህቴ መንጃ ፈቃዷን ያወጣችው እንደ ማንኛችንም ነው። ክፍል ውስጥ ተማረች፣ ተፈተነች፣ ከዚያ ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ ላይ በተተከሉ እንጨቶች መሃል ወደ ኋላ ስትገባና ስትወጣ ከረመች። እንጨት ግን ክላክስ አያደርግም። ከቀኝ ዘው ብሎ ገብቶ ፊትሽ ላይ ተሳፋሪ አያወርድም። ስለዚህ ፈቃዱ ቦርሳዋ ውስጥ፣ መኪናው ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። እንዲህ የሆኑ ስንት ሰዎች አውቃለሁ፤ መንጃ ፈቃዳቸው ባንክ ቤት እንደ መታወቂያ ከማሳየት ውጪ ሥራ የለውም።

ጋሼ የጀመሩት እሁድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ላይ ነው። ይሄ ቦታ መብራት ባልነበረው ጊዜ ከየአቅጣጫው የሚመጣው መኪና ሳይጋጭ እንዴት እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ተለቆ የውጭ ሰው ሁሉ ጉድ ሲል ነበር። አሁን መብራት አለው። እሳቸው ግን አያምኑትም። «አረንጓዴ በራ ብለሽ ዝም ብለሽ እንዳትወጪ፤ ግራሽን እዪ፣ ቀይ ጥሶ የሚያልፍ አለ» አሏት። ቀጥሎ አደባባዩ በ2013 ታድሶ ሲከፈት ከሥሩ ወደተሠራው፣ 1,400 መኪና ይይዛል ወደተባለው ማቆሚያ ወረድን። እዚያ በኮንክሪት ምሰሶዎቹ መሃል አቁሚ፣ አውጪ፣ ደግመሽ አቁሚ። ሰው የለም፣ የሚቸኩል የለም። የት ብለማመድ ይሻለኛል የሚል ጀማሪ ካለ እዚያ ይሂድ።

ዋናው ትምህርት የመጣው ግን በሥራ ቀን ከስታዲየም በለገሃር ወደ ሜክሲኮ ስንሄድ ነው። ሚኒባስ ታክሲ ከጥግ ተነስቶ ሊገባ ሲል ፍሬቻ ያሳያል ብለሽ ብትጠብቂ ትጠብቂያለሽ። ጋሼ «ፍሬቻውን ተዪው፣ የፊት ጎማውን እዪ» አሉ። እውነትም ከኋላ ሆኜ ሳየው፣ ታክሲው ገና ከመንቀሳቀሱ በፊት ጎማው ትንሽ ወደ መንገዱ ይዞራል። ረዳቱም በሩን ሳይዘጋ ተንጠልጥሎ ወደ ኋላ ያያል። እነዚህን ሁለቱን ካየሽ ሊወጣ ነው፤ ወይ ቀድመሽ እለፊ ወይ አሳልፊው፣ መሃል ላይ ሆነሽ አታመንቺ። እኔ ስንት ዓመት ነድቼ በልምድ የማደርገውን ነገር ሰው በቃል ሲናገረው የሰማሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ቸርችል ጎዳና። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ያለው ዳገት ማኑዋል ለሚነዳ ጀማሪ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ያውቀዋል። የእኛ አሮጌ ኮሮላ ደግሞ ለማንም አታዝንም። ጋሼ የእጅ ፍሬኑን አሲያዟትና ሬዲዮውን አጠፉ። «በጆሮሽ ስሚ» አሏት። ፍሪሲዮኑን፣ በግራ እግር የሚረገጠውን፣ በጣም ቀስ አድርጋ ስትለቅ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ የመኪናው አፍንጫ ትንሽ ቀና ይላል። እዚያ ላይ እግርን አቁሞ የእጅ ፍሬኑን ማውረድ ነው። ስትነግሪው ቀላል ነው። መኪናው ጠፋባት። ደግማ አስነሳች፣ ደግሞ ጠፋ።

ከኋላችን የከተማ አውቶብስ ነበር። አልቀልድም፣ ክላክስ አላደረገም። ጋሼ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው መዳፋቸውን ሲያሳዩት እሱም በተራው እጁን አውጥቶ ከኋላው ያሉትን አቆመ። በጎናችን የደረሰ ታክሲ ረዳት ደግሞ አንገቱን በመስኮት አስግጎ «አይዞሽ እህቴ፣ ፍሪሲዮኑን አትልቀቂው፣ ቀስ!» እያለ ያሠለጥናት ጀመር። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀችና መኪናው ተነሳ።

ስለ ሌሎቹ ሹፌሮች ትዕግስት ያለኝ አስተያየት ከዚህ ይነሳል። ከተማው ሁሉ የታክሲ ሹፌር ይረግማል፤ እኔም እረግማለሁ። ለጀማሪ ግን ታክሲው አይደለም ክፉው። ክላክስ ያደርጋል፣ ይሳደባል፣ ያልፋል፣ በቃ ረሳሽ። የሚያስቸግረው ትልልቅ የግል መኪና የያዘው ነው። ፓራውልትሽ ላይ ተለጥፎ መብራት ያበራብሻል፤ ሲያልፍሽ ደግሞ ሆን ብሎ ቀስ ይልና ዞር ብሎ መሪ የያዘውን ሰው ያያል። ሴት መሆኗን ሲያይ ፊቱ ላይ «ብዬ ነበር» የሚል ነገር አለ። ኦሊምፒያ አካባቢ አንዱ እንዲህ አድርጎን ካለፈ በኋላ ራሱ ያለ ፍሬቻ ታጠፈ። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ ራሱ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ብዙም ያልቆየ ይመስለኛል። ልምድ ያለው ሰው ጀማሪን ከሩቅ ያውቅና ቦታ ይሰጠዋል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ከኋላ መስታወት ላይ «ለማጅ» የሚል ወረቀት ለጥፋ ነበር፤ ጋሼ አስነሷት። «ይንቁሻል» ነው ምክንያታቸው። አልተስማማሁም። የሚንቅ ሰው ያለ ወረቀትም ይንቃል፤ የሚታገሰው ግን መኪናው ለምን እንደቆመ ሊገባው ይገባል። መልሰን ለጠፍነው።

የአራት ኪሎ አደባባይን በደንብ አስተማሯት። ውስጥ ላለው ቅድሚያ ስጪ፣ ከገባሽ በኋላ ግን ለማንም ብለሽ ድንገት አትቁሚ። ብዙ ጀማሪ የሚያጠፋው እዚህ ጋ ነው፤ በይሉኝታ መሃል ላይ ቆሞ «እለፍ» ይላል፣ ከኋላ ይገጩታል።

አሁን ቅሬታዬ። ጋሼ ያረፍዳሉ። ስልክ ያነሳሉ፣ ያውም ሜክሲኮ መሃል ላይ። በራሳችሁ መኪና ስትለማመዱ ዋጋው ይቀንሳል፣ ግን እንደ ትምህርት ቤት መኪና በአሰልጣኙ በኩል ተጨማሪ ፍሬን የለም፤ እሳቸው ያላቸው የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነው። ኢንሹራንሳችሁ ጀማሪ ሲነዳ ይሸፍን እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። በጣም ያናደደኝ ግን የዘብራው፣ የእግረኛ ማቋረጫው፣ ነገር ነው። «ክላክስ እያደረግሽ እለፊ፣ ከቆምሽ ከኋላ ይመቱሻል» አሏት። ከኋላ መመታት እውነት ነው፣ ግን በዚህ ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። «ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄን አያስተምሩልኝ» አልኳቸው። ቅር አላቸው፣ ግን ተቀበሉኝ። ስፖኪዮ አይታ፣ ፍሬኑን ከሩቅ ነካ ነካ አድርጋ መብራቱ ለኋለኛው እንዲታየው፣ ከዚያ መቆም። እንደዚያ ተለማመደች።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም ብትሆኑ ይጠቅማችኋል። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ የብዙ ጀማሪ የመጀመሪያ መኪና ኤሌክትሪክ ሆኗል፤ ብዙ ሰው የሚማረው ደግሞ በማኑዋል ነው። ጋሼ እንደነገሩን አዲሶቹ ደንበኞቻቸው ግራ እግራቸው የሌለ ፍሪሲዮን ፍለጋ ይሄድና ፍሬኑን ይደፍቀዋል። መኪናዋ ድምፅ ስለሌላትም ፍጥነቷ አይታወቃቸውም። ለእነሱ የመጀመሪያው ትምህርት ግራ እግርን አጥፎ መቀመጥ ነው አሉ።

እህቴ አሁን ብቻዋን ከፒያሳ ሜክሲኮ ትሄዳለች፣ በቸርችልም ትመለሳለች። ቦሌ መንገድን ገና ትፈራዋለች። ሁለተኛ ዙር ልከፍልላት አስቤያለሁ፣ በዚህኛው ማታና ዝናብ ላይ መለማመድ ነው የምትፈልገው። ጋሼ ደግሞ ከ12 ሰዓት በኋላ አልሠራም ብለዋል። ማታ የሚያለማምድ፣ ስልክ የማያነሳ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።