የሌዘር ማይክሮስኮፕ ልትገዙ ባሕር ዳር የምትሄዱ፣ እኔን ያየ ይጠንቀቅ

ከትናንት ማታ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሦስት ሆነን ተዋጥተን ያገለገለ የሌዘር ማይክሮስኮፕ ገዛን። 180 ሺህ ብር! ደብረ ማርቆስ ላይ የተሞረደ ብረትና የቀለም ልባጥ ገጽ እየለካን ልንሠራበት ነበር። ሻጮቹን መቼም ታውቋቸዋላችሁ፤ ቡና ያስመጣሉ፣ ሳንቲም ሌንስ ሥር ያደርጋሉ፣ ስክሪኑ ላይ ተራራና ሸለቆ በቀይና በሰማያዊ ያሳያሉ።

"ሪዞሉሽኑ ስንት ነው?" አልኩ፤ ምን ያህል የተጠጋጉ መስመሮችን ለይቶ ያሳያል ማለቴ ነው። ልጁ ማውሱን ወደ ስክሪኑ ጥግ ወስዶ "1 ናኖሜትር" የሚለውን አሳየኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ለሁለት የሰነጠቅኩት ዲቪዲ ይዤ ነበር። መረጃ የሚጻፍባቸው የዲቪዲ መስመሮች 740 ናኖሜትር ነው የሚራራቁት፤ መሣሪያው እንዳሉት ከሆነ ቁልጭ አድርጎ ሊያሳያቸው ይገባል። አውጥቼ "እስቲ በዚህ እንየው" አልኩት። ዲስኩን በሁለት ጣቱ ጫፍ አንጠልጥሎ አገላበጠውና ወደ ባልደረባው ዞሮ ሳቀ። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፊልም ማጫወቻ አይደለም!" ጓደኞቼ አቀረቀሩ። እኔም አፈርኩ። ዲስኩን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ብሩንም እዚያው ቆሜ አስተላለፍኩ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። መለኪያው በእጄ ነበር!

በጋቢ ጠቅልለን በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ አድርገን እንደ አራስ ልጅ እየደገፍን አመጣነው። ማታ ዲቪዲውን አስገባሁ። ደብዛዛ ግራጫ። ፎከሱን ከፍ ዝቅ አደረግኩ፣ ያው ግራጫ። በሲዲ ቀየርኩት፤ የእሱ መስመሮች 1600 ናኖሜትር ይራራቃሉ፣ እነሱ ታዩ። ያኔ ሌንሱን ፈትቼ አንገቱ ላይ የተጻፈውን ኒውመሪካል አፐርቸር፣ ማለትም ሌንሱ ብርሃን የሚሰበስብበትን ስፋት የሚነግረውን ቁጥር አነበብኩ፦ 0.25። ማስታወቂያው ላይ 0.95 ነበር የተጻፈው።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኧርነስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1873 ያስቀመጠው ነገር ነው፤ የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት ለዚህ ቁጥር እጥፍ ታካፍላላችሁ፣ የሚወጣው ሌንሱ ሊለየው የሚችለው ትንሹ ርቀት ነው። የኛ ሌዘር 405 ናኖሜትር ነው። በ0.95 ሌንስ 213 ይደርስ ነበር፤ በ0.25 ግን ከ810 በታች የተጠጋጋ መስመር አይለይም። ያቺ 1 ናኖሜትር ሶፍትዌሩ የሚጽፋት የመጨረሻ ዲጂት ናት እንጂ ሌንሱ የሚያየው አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩ። "እኛ ያሳየንህ የስክሪኑን ነው፣ የሌንሱን መች ጠየቅከን?" አለና ዘጋብኝ። ትናንት ጋሼ ነበርኩ።

ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ የሌንሱን አንገት አንብቡ፤ ዲስክ አስገብታችሁ መስመሩን በዓይናችሁ ሳታዩ ብር አትላኩ። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ኑ፣ ሁለቱንም ዲስክ አውሳችኋለሁ።