ግቢያችን ፐርጎላ (ከስሩ የሚቀመጡበት የጥላ ማረፊያ) የሰራልን ብየዳ ቤት (ባህር ዳር)
ባለሙያው ሜትሩን ሳያወጣ መጀመሪያ የጠየቀው ከሰዓት ፀሀይ በየት በኩል ነው የምትመታችሁ ብሎ ነው፣ ይሄ ተመችቶኛል። እማዬ ማንጎው ስር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ስትል እሱ ግን "እማማ ፍሬው ራስዎት ላይ ይወድቃል፣ ሥሩም መሰረቱን ያነሳዋል" ብሎ አሳመናትና በምዕራብ በኩል ካለው አጥር ጥግ ተከለው፣ አሁን 10 ሰዓት ላይ ጥላ አለ ከጣና የሚመጣው ንፋስም ያገኘናል ቡና እዛው ነው 😄 እንጨት ምስጥ ይጨርሰዋል ብሎ ቋሚውን በቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) ሰራው፣ እግሩንም ክረምት ውሃ እንዳይተኛበት ከመሬት ከፍ ያለ ኮንክሪት ላይ ነው ያሰረው። ብየዳው ንፁህ ነው ቀለሙ ግን የይድረስ ይድረስ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) መቀባቱን ቆማችሁ እዩ። ቀጠሮ ላይ ደሞ ነገ ነገ ያበዛሉ፣ ቀብዱን አሳንሱ።