በቻርጅ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ለጆሮ ምርመራ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የምሠራው ባሕር ዳር ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ይህን ማይክሮስኮፕ የገዛነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ባለ ሁለት ዓይን ነው፣ በኤልኢዲ ይበራል፣ መብራት ሲጠፋ በራሱ ባትሪ ይቀጥላል። እንደ ማጉያ መጠናቸው የሚጠሩ አራት ሌንሶች አሉት፦ 4፣ 10፣ 40 እና በዘይት የሚታየው 100። ወባም ሰገራም እናይበታለን። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ጆሮ ነው። የመሣሪያው ጥንካሬም ድክመትም በደንብ የታየኝ እዚያ ላይ ነውና።

ጆሮው የሚያሳክከውና የሚደፈንበት ሰው ብዙ ጊዜ እኛ ጋ የሚደርሰው የአንቲባዮቲክ ጠብታ ከጨረሰ በኋላ ነው። «ምንም አልሠራልኝም» ይላል። ፈንገስ ከሆነ ሊሠራለት አይችልም። እንዲያውም ጠብታው ሲራዘም ባክቴሪያውን ያጠፋና ለፈንገሱ ቦታ ይለቅለታል። ይህን የሚለየው ምርመራ ደግሞ ርካሽ ነው፦ ኬኦኤች፣ ማለትም የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ምርመራ። ከጆሮ በስዋብ (ጫፉ ጥጥ ባለው ዘንግ) የተወሰደውን ስላይድ ላይ አድርገን 10 በመቶ የሆነውን ይህን ኬሚካል እንጨምርበታለን። በከቨር ስላይድ ሸፍነን ጥቂት ደቂቃ እንጠብቃለን። ኬሚካሉ የቆዳውን ቅርፊት ያሟሟዋል፤ ፈንገሱ ይቀራል። ፈንገሱ አስፐርጊለስ የሚባለው ከሆነ ቅርንጫፍ ያወጡ ክሮች ይታያሉ፤ ኒጀር የሚባለው ዓይነት ጥቁር ራስ አለው። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ከሆነ ደግሞ ከጎናቸው ሌላ ትንሽ ሴል የሚያበቅሉ ሞላላ ሴሎች እናያለን።

መሣሪያውን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ኬኦኤች ቀለም ስለሌለው ብርሃን ሲበዛ ክሩ ከዓይን ይጠፋል። ከስላይዱ ሥር ያለውን ብርሃን ሰብሳቢ ሌንስ (ኮንደንሰሩን) ዝቅ፣ የብርሃን መግቢያውን ቀዳዳ (አይሪሱን) ጠበብ ማድረግ ያስፈልጋል። የዚህ ማይክሮስኮፕ ብርሃን እስከ ታች ድረስ ያለ ችግር ይቀንሳል፤ አይርገበገብም፣ ቢጫም አይሆንም። የድሮው ባለ ሃሎጅን አምፖሉ ይሞቅ ስለነበር ስላይዱን ቶሎ ያደርቀው ነበር።

ባትሪውም የቅንጦት ነገር አይደለም። ግራም በሚባለው የባክቴሪያ መለያ ቀለም የተቀባ ስላይድ መብራት እስኪመጣ ይጠብቃል። ኬኦኤች ግን አይጠብቅም፤ ይደርቅና ክሪስታል ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ክር ይሁን ክሪስታል መለየት ልብ ያደርቃል። አሁን መብራት መሐል ላይ ቢጠፋም ሥራዬ አይቋረጥም።

100ው ሌንስ ግን አላረካኝም። መሐሉ ጥርት ያለ ነው፣ ዳሩ ይደበዝዛል። የግራም ቀለም ለማንበብ ስላይዱን ደጋግሜ ወደ መሐል ማምጣት አለብኝ። ሐምራዊ ክቦች እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስበው ካየሁ ስታፊሎኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ እጠረጥራለሁ። ሮዝ ዘንጎች ካየሁ ባክቴሪያው ሱዶሞናስ ሊሆን ይችላል፣ ፕሮቲየስም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ይህ የሌንሱ ጥፋት አይደለም። ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ መለየት፣ ያስፈልጋል። በማግስቱ ፕሮቲየስ የደም አጋሩ (ደም የገባበት ማሳደጊያ) ላይ እንደ ማዕበል ተስፋፍቶ ይገኛል። ሱዶሞናስ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ቀለም ያወጣል፣ ኦክሲዴዝ የሚባለውን ኢንዛይም የሚፈልገው ምርመራም ፖዘቲቭ ነው፤ የፕሮቲየስ ግን ኔጋቲቭ ነው። ጆሮው ለሳምንታት የሚመግል ልጅ ሲመጣ ለሐኪሙ ሁልጊዜ የምለው ይህንኑ ነው፦ ግራም ብቻውን መድኃኒት አያስመርጥም፣ ካልቸር እንላክ።

አብሮ የመጣውን ካሜራ ትተነዋል። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ስልክ ማይክሮስኮፑ የሚታይበት ሌንስ ላይ ደግኖ ማንሳት ይሻላል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ስላይድ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ በራሱ ቁልቁል መንሸራተት ጀመረ። ከትልቁ የፎከስ ማዞሪያ ሥር ያለችውን የማጥበቂያ ቀለበት ስናጠብቃት ተስተካከለ። የከፋው መለዋወጫው ነው። ሻጩ ትርፍ ባትሪ የለኝም ብሎናል፣ መቼ እንደሚያስመጣም አልነገረንም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ትርፍ ባትሪ ሳይኖር መሸጥ ተገቢ አይመስለኝም።

ለምትገዙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኬኦኤች ብረትም ሌንስም ይበላል። ከከቨር ስላይዱ የተረፈውን ሳትጠርጉ 40ውን አታስጠጉ፤ ከነካውም ወዲያው በሌንስ ወረቀት ጥረጉት። በክረምት ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ይኑር። ሱቅ ስትሄዱ ደግሞ በካሜራው አትሳቡ። ቀለም ያልተቀባ ስላይድ ይዛችሁ ሂዱ፣ አይሪሱን አጥብቡ፣ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ቀንሱና እዩ። ከዚያም ሶኬቱን ነቅላችሁ እንደገና እዩ። ትርፍ ባትሪውንም እዚያው አብራችሁ ግዙ።